የደከመው ቦይ

ሰሞኑን ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጫኖ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ሙዝ ሊገዛ ወረደ። መስኮቱን ስከፍት ያ ሽታ ገባ፤ መሬት ወድቆ ፀሐይ ያፈላው ማንጎ፣ ከሱ ሥር የቦይ ጭቃ፣ ከሁሉም በላይ እርጥብ የሙዝ ቅጠል። አጠገቤ የተቀመጠው ተማሪ አፍንጫውን ይዞ መስኮቱን ዘጋው። መልሼ ከፈትኩት። ገላመጠኝ፤ ገላመጥኩት። ከዚያ በኋላ እሱንም፣ መኪናውንም ረሳሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የአክስቴ የቦጋለች ጓሮ ቆሜ እግሬን ቦይ ውስጥ ነክሬ ነበር።

እኔ ቂመኛ ነኝ። ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ይህን ታሪክ ዘመዶቼ ፊት ሳነሳ «አንቺ ደግሞ፣ ያለፈውን ምን ይቆፍርሻል?» ይሉኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል አልሰሙም መሰለኝ። የተወጋሁት ግን እኔ አልነበርኩም። ለዚያ ነው የሚከነክነኝ።

በዚያ ዓመት እናቴ መንታ ወለደች። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሠፈር ያለው ቤታችን አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ስለነበር መንትዮቹ ሲገቡ እኔ ወጣሁ። «ለሁለት ወር ነው» ብለው የካቲት ላይ ጫኖ፣ የአባቴ ታናሽ እህት ዘንድ ላኩኝ፤ እስከ ሰኔ ማንም መልሶ የወሰደኝ የለም። እኔ በበኩሌ መንትዮቹ አድገው ራሳቸው መጥተው ካልወሰዱኝ በቀር እንደማልመለስ እርግጠኛ ነበርኩ። ለሁለቱም ገና ስም ሳይወጣላቸው በልቤ ተጣልቻቸዋለሁ።

አክስቴ ቦጋለች ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል ቆጣቢ ሴት ነበረች። ጨንቻ፣ ደጋው ላይ ተድራ ነበር፤ ባሏ ልጅ ሳይወልዱ ሞተባትና ወደ ቆላው፣ ወደ አባቷ ቤት ወረደች። አያቴ ያኔ የመሬታቸውን የታችኛውን ግማሽ ሰጧትና ዳሩ ላይ አንዲት የማንጎ ችግኝ ተከሉላት። «ልጅ ባይኖርሽ ጥላ ይኑርሽ» አሏት ይባላል። እኔ አያቴን አልደረስኩባቸውም። ማንጎው ግን ከቤቱ ክዳን በላይ ወጥቶ ደረስኩበት፤ ከሥሩ ስተኛ ሰማዩ በቅጠሉ መሃል እየተቆራረጠ ይወርድብኛል።

ጋሞኛ እሰማለሁ እንጂ ደፍሬ አልናገርም ነበር። የእሷ አማርኛ ደግሞ የገበያ አማርኛ ስለነበር «አንተ ሰናይት፣ ና ብላ» ትለኛለች። የመጀመሪያው ቀን በጣም ነው የከፋኝ፤ ወንድ ልጅ እንዲላክላት ፈልጋ እኔ ስመጣ ያዘነች መሰለኝ። ኋላ ዶሮዋንም፣ ጎረቤቷን ሴትዮም «አንተ» ስትል ሰማሁና ተጽናናሁ።

የእሷን መሬት ከታላቅ ወንድሟ ከአጎቴ ከኦይቻ መሬት የሚለየው አንድ ቦይ ነበር፤ ስፋቱ የእኔ አንድ ዝላይ። ማንጎው ከቦዩ ወዲህ፣ በእኛ በኩል ቆሟል፤ ከቦዩ ወዲያ የአጎቴ ሙዝ ይጀምራል። በሳምንት ሁለት ቀን የመስኖ ተራችን ሲደርስ የእኔ ሥራ ውሃውን መጠበቅ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ ባዶው ቦይ ውስጥ እቆማለሁ። መጀመሪያ ሽታው ይመጣል። ከዚያ የደረቀ ቅጠል፣ ገለባና የተደናገጡ ጉንዳኖች እየገፋ ውሃው ራሱ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ዓይነ ስውር ሰው መሬቱን እየዳበሰ ይመጣል። ጣቶቼን ሲነካኝ «መጣ» ብዬ እጮኻለሁ፤ አክስቴ በዶማዋ የሙዙን በር ትከፍትለታለች። ሙዙ ውሃ ሲጠጣ ይሰማል ብትሉኝ አምናለሁ፤ እኔ ሰምቼዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ግን ከአክስቴ ይልቅ አጎቴን ነበር የምወደው። አጎቴ ኦይቻ ሳቂታ፣ ደግ፣ ልጅ የሚከተለው ሰው ነበር። ከገበያ ሲመለስ ሸንኮራ ሳይዝ አይመጣም። የእሱ ልጅ ትዕግስት፣ እኛ ትጊ የምንላት፣ እኩያዬ ነበረች፤ አባቷ ሁለታችንንም በሁለት ትከሻው ተሸክሞ ሙዙ መሃል ሲሮጥ ዓለም በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ፊቴን ይመታኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሊዋሽ ይችላል ብሎ ማን ያስባል? እኔ አላሰብኩም።

ሚያዝያ ላይ ከጨንቻ መርዶ መጣ፤ የአክስቴ የሟች ባሏ እናት ዐርፈው ነበር። ነጠላዋን ዘቅዝቃ እኔን ለአጎቴ ቤት አደራ ሰጥታ ወጣች። ስምንት ቀን ቆየች።

በሦስተኛው ቀን አጎቴ ሁለት የቀን ሠራተኞች ይዞ መጣና ከማንጎው ወዲህ፣ በእኛ በኩል አዲስ ቦይ ማስቆፈር ጀመረ። ሲጨርሱ ትጊንና እኔን ጠራን። አሮጌውን ቦይ እያሳየ፣ አፉን ወደ ጆሯችን አስጠግቶ፣ ምስጢር እንደሚነግር ሰው፣ «ይህ ቦይ ደክሞታል። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ውሃ ሲሸከም ኖረ። እናሳርፈው» አለን። ቦይ ይደክማል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ለምን አይደክምም? በእጃችን፣ በእግራችን፣ በቀሚሳችን አፈር እየገፋን ደፈንነው። ከዚያ አጎቴ «ደህና አድርጋችሁ አስተኙት፣ ርገጡት» አለና ማጨብጨብ ጀመረ። ትጊ ዘፈነች። እኔ ጨፈርኩ። እስከ ዛሬ በስንት ሠርግ ጨፍሬአለሁ፤ የዚያን ቀን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስንጨርስ ጆሮዬን መሬቱ ላይ ለጥፌ ሳዳምጥ ድም ድም የሚል ነገር ሰማሁ። የገዛ ልቤ መሆኑን አላወቅኩም። ቦዩ ተኝቶ እየተነፈሰ መሰለኝ። ለትጊም አሰማኋት፤ እሷም ሰማች።

አክስቴ ከለቅሶ ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ የጨንቻ ፖም ቋጥራ መጣች። አንዱን ሰጠችኝና ወደ ጓሮ ዞረች። ከዚያ ቆመች። አዲሱን ቦይ አየች፣ ማንጎውን አየች። ቦዩን ተሻግራ ማንጎው ሥር ደረሰች፣ አልፋውም ሄደች፤ አሮጌው ቦይ የነበረበት ቦታ ስትደርስ መሬቱን በተረከዟ ረገጠችው። አፈሩ ገና አልጠነከረም ነበርና እግሯ ሰመጠ። ወንድሟን በስሙ ጠራችው። እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ፤ እየሳቀ ነበር።

«ቦዩን ማን አነሳው?» አለችው።

«የቱን ቦይ?»

«የአባቴን ቦይ።»

«ቦዩማ ይኸው» አለና አዲሱን አሳያት። «ድሮም እዚሁ ነበር። ሐዘን ላይ ከርመሽ ነው እንጂ።»

ስትዝትበት ማለ። አጎቴ ሲምል በአማርኛ ነበር። በጋሞኛ፣ በአባቱ መሬት ላይ ቆሞ መማል ሳይፈራ አይቀርም፤ አማርኛው ግን ሩቅ አገር ያለ ዳኛ ዘንድ የሚሄድ ስለሚመስለው ነው መሰለኝ እንደ ልቡ ይምልበታል። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ነክቼው ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አለ። እኔ ፖሜን መግመጥ አቁሜ ዓይኑን አየሁ። ግንባር ሲሆን ከየትኛው ጥግ እንደሚጀምር ለማየት ተጠጋሁ። ምንም አልሆነም። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አየሁት፤ ሁለቱም ዓይኖቹ በቦታቸው ናቸው። ስለዚህ አልዋሸም አልኩ።

ለምን አልተናገርሽም ትሉኛላችሁ። አፌ በፖም ተሞልቶ እዚያው ቆሜ ነበር። ግን በስምንት ዓመት ልጅ ቤት ሂሳቡ እንዲህ ነው፤ አጎቴ አይዋሽም፣ አክስቴም አትዋሽም፣ ስለዚህ ትልልቅ ሰዎች የሚጣሉበት ቦይ እኛ ያስተኛነው ሳይሆን ሌላ ቦይ መሆን አለበት። ቦይ ወሰን እንደሆነ፣ ወሰን ሲሄድ መሬት አብሮት እንደሚሄድ ማንም አልነገረኝም።

አክስቴ የአጎቴን ሚስት ጠየቀች፤ አላየሁም አለች። ጎረቤቶችን ጠየቀች፤ «በእህትና በወንድም መሃል ምን አስገባን» አሏት። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ አይደል ነገሩ። ከተማ ወዳለው ወደ አባቴ ሰው ላከች፤ ሥራ በዝቶበታል ተባለ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት አዲሱ ቦይ ዳር ሄዳ ትቆም ጀመር። አትሰድብ፣ አታለቅስ፣ ዝም ብላ ትቆማለች። ያ መሬት ጠባብ ነበር፤ ግን እሷ በዚህ ዓለም ላይ የእኔ የምትለው ከአባቷ እጅ የተቀበለችው ያንን ብቻ ነበር። አሁን ደግሞ አላበደችም፣ አልዋሸችም የሚላት አንድ ሰው አልነበራትም። አጎቴ «እህቴን ሐዘን አናግቷታል፣ ጸልዩላት» እያለ ሠፈሩን በሙሉ አሳመነ። ሰዎች ሲያልፉ የሚያዩአት አስተያየት ተለወጠ። እኔም እንደዚያው ማየት ጀመርኩ፤ ይህንን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ማንጎው ሲበስል ፍሬው ቀን ከሌት ይወድቅ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ንቦቹ፣ ሽታውና የሚፈርጠው ማንጎ ድምፅ አንድ ላይ ተደባልቀው እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል ነገር ይሆናሉ። አጎቴ ከዚያው ማንጎ ለቅሞ በትጊ እጅ አንድ ሳፋ ላከልን። «አባዬ ለአክስቴ ስጪያት ብሎ ነው» አለች ትጊ። አክስቴ ሳፋውን ተቀብላ አስቀመጠች፣ ልጅቷን አቅፋ ሳመች፣ ከዚያ ሳፋውን እንዳለ መልሳ አሸከመቻት። እኔ ምራቄን እየዋጥኩ ቀረሁ። በጣም ተናደድኩባት።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ትጊ ታመመች። ትንቀጠቀጣለች፣ ትግላለች፣ ደግሞ ትንቀጠቀጣለች። የአጎቴ አማት መጡና ልጅቷን አይተው አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «ጎሜ ነው» አሉ።

ጎሜ ማለት በጋሞ የማይደረግ ነገር አድርጎ መገኘት ነው። አንድ ሰው ወሰን ቢገፋ፣ ታላቁን ቢያዋርድ፣ ዘመዱን ቢበድልና ቢሸሽግ ጥፋቱ እዚያ አይቀርም፤ ከቤተሰቡ መሃል ገብቶ አንዱን ያሳምማል፣ ዝናብ ያስቀራል፣ ከብት ይገድላል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ ያጠፋው ያወጣል፣ የተበደለው «ምሬያለሁ» ይላል፣ በእርጥብ ሳር ይታረቃሉ። ይህን ሁሉ ኋላ ነው የተረዳሁት። ያኔ ጎሜ ለእኔ አውሬ ነበር። ዓይን የለውም፣ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ቀን ቀን የሙዝ ቅጠል ሥር ተኝቶ እያሸተተ ቤት ይመርጣል። የእኛንም ቤት እንዳያሸት በሩ ላይ ዳጣ ቀባሁበት፤ አክስቴ በርበሬዋን ስላባከንኩ በጥፊ ልትለኝ ነበር።

በሳምንቱ እሑድ ሽማግሌዎች በአጎቴ ግቢ ተቀመጡ። አባቴም ከከተማ መጣ፤ ጫማው ተወልውሎ ያብረቀርቃል። አንድ ዓይናቸው ያልጠራ ትልቅ ሽማግሌ እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው፣ «ያጠፋችሁትን አውጡ። ያልወጣ ጥፋት ሥር ይሰዳል» አሉ። የአጎቴ ሚስት የጎረቤት እንሰት ቅጠል ሳትጠይቅ ቆርጣ ቂጣ መጋገሯን ተናገረች። አክስቴ ተነሥታ «ወንድሜን በልቤ ረግሜዋለሁ» አለችና ተቀመጠች። አጎቴ እጁን ዘርግቶ፣ «እኔ ምን አለኝ? ንጹሕ ነኝ» አለ። ሽማግሌው ወደ አባቴ ዞሩ፤ የአባትህ ቦይ የት እንደነበር ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁት። አባቴ ጫማውን አየ። ከተማ ከገባ ብዙ ዘመኑ እንደሆነ፣ የቦይ ነገር እንደማያስታውስ ተናገረ።

ከቤት ውስጥ የትጊ ማቃሰት ይሰማል። እኔ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ገባኝ የምለው እንኳ በራሴ መንገድ ነው። ቦዩ ተኝቶ ሳለ ላዩ ላይ ጨፈርንበት፣ ከእንቅልፉ ቀሰቀስነው፣ ጎሜ ሰማንና መጣ። ትጊ ልትሞት ነው፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ተነሥቼ፣ ባልተቃና ጋሞኛዬ፣ «እኛ ነን። ቦዩን ደፈንነው፤ ላዩ ላይ ጨፈርን» አልኩ።

ሽማግሌው ወደ ድምፄ ዞሩ። «ማን አዘዛችሁ፣ ልጄ?» አሉኝ።

አጎቴን አየሁት። በዚያ በሚወደኝ ዓይኑ አየኝ። «ተናገሪ እንጂ፣ ማን አዘዛችሁ?» አለኝ፣ ረጋ ብሎ። የአባቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ዐረፈ፤ ቀስ ብሎ ተጫነኝ። እጁ ከበደኝ።

«ማንም» አልኩ። «ራሳችን ነን።»

እንደ ንፋስ ያለ ነገር በሰዎቹ መሃል ሲያልፍ ተሰማኝ። ሁሉም ተነፈሱ። አጎቴ ጭኑን መትቶ ሳቀ፤ «ልጆች! ለካ እነዚህ ናቸው!» አለ። አባቴ ስለ ልጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብሎ ተነሣ። ሁለት ስምንት ዓመት ያልዘለልን ልጆች ማንጎ ሥር የሚያልፍ ቦይ ደፍነን ሌላ ቦይ እንደቆፈርን አንድ ግቢ ሙሉ አዋቂ ሰው አመነ። አላመነም፤ ተስማማ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ሳሩን ወደ አክስቴ ዘረጉ። «ምሬያለሁ» እንድትል፣ ነገሩ እንዲዘጋ። የሚቀረው የእሷ አንድ ቃል ብቻ ነበር። ያን ቃል ካለች አዲሱ ቦይ ወሰን ሆኖ ይቀራል። ካላለች ደግሞ የታመመችው ልጅ ደም በእሷ ላይ ነው።

አክስቴ ወደ እኔ መጣች። ጉልበቷን አጥፋ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች፤ እጇ አፈር አፈር ይሸታል። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ቀና አለች።

«ይህችን ልጅ አልምርም» አለች። «አልበደለችኝማ።»

ግቢው ተናወጠ። የአጎቴ ሚስት እያለቀሰች ልጄን ልትገድይብኝ ነው አለቻት። አጎቴ ጨካኝ አላት። አባቴም «ቦጋለች፣ ምን አለ ለሰላም ብለሽ» አላት። አክስቴ ቤት ገባች፣ ትጊን በነጠላዋ ጠቅልላ አቅፋት ወጣች፣ መንገድ ላይ የሙዝ ጋሪ አስቁማ ጤና ጣቢያ ይዛት ሄደች። እኔ ከኋላ ሮጬ ጋሪው ላይ ወጣሁ። ወባ ነው ተባለ፤ ኪኒን ሰጧት። ስንመለስ ጎሜ አይደለም ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «ወባም አለ፣ ጎሜም አለ» አለችኝ። «አንተ ዝም በል፣ ልጁን ደግፍ።»

ትጊ ዳነች። አጎቴም «አያችሁ፣ ምንም አልነበረም» አለ። ሠፈሩ ግን አክስቴን ይቅር አላላትም። ለቡና አይጠሯትም፤ ሰላምታዋን እንደ ብድር በግድ ይመልሱላታል። እሷ የውሃ ተራዋን ጠብቃ ሙዟን ታጠጣለች። እኔ ቦዩ ውስጥ ቆሜ ውሃውን እጠብቃለሁ፤ ሲመጣ መጮህ ግን አቃተኝ። ዋሽቻለሁ። እንዳልዋሸሁ አድርጋ ነው የምታበላኝ፤ እሱ ነበር የሚጎረብጠኝ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አባቴ ሊወስደኝ መጣ። ሚኒባስ ውስጥ ጭኑ ላይ ተቀመጥኩ። ከሙዙ መሃል ሳንወጣ፣ «አባዬ፣ አጎቴ ነው ያዘዘን» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

ቆይቼ፣ ቦዩ ድሮ የት ነበር ብዬ ጠየቅኩት። በመስኮቱ ውጪውን እያየ፣ ከማንጎው ወዲያ፣ በኦይቻ በኩል እንደነበር፣ ልጅ ሆኖ እሱም እንደ እኔ ውሃ ይጠብቅበት እንደነበር ነገረኝ። ድምፁ ጣፋጭ ሆነ፤ ስለ ውሃው ሽታ አወራኝ። ከዚያ ነቃ አለና፣ «ይህን ለማንም እንዳትናገሪ፣ እሺ? ምን ቢሆን ወንድሜ ነው» አለኝ።

«እሷስ ምንህ ናት?» አልኩት።

እንዲያው መጠየቄ ነበር። መልሱን ማወቅ ፈልጌ ነበር። ሙዙ አለቀ፣ ግራሩ ጀመረ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ «ወራጅ አለ» አለ። ረዳቱ አልሰማውም። አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ወራጅ አለ!» ብሎ ደገመው፤ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። በእግራችን ስንመለስ ያ የተወለወለ ጫማው አቧራ ለበሰ። አክስቴ ሙዙ መሃል ደረቅ ቅጠል ስትቆርጥ አገኘናት። አባቴ ፊቷ ቆመ፤ ታላቋ ነው፣ ግን እንደ ተማሪ ነበር የቆመው። «ቦዩ ከማንጎው ወዲያ ነበር። ያን ቀን ዋሽቻለሁ» አላት። እኔም እያለቀስኩ እኔም፣ እኔም አልኩ።

ማጭዷን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ምሬሃለሁ» አለችው ወዲያው፣ ዓረፍተ ነገሩን ገና በጭንቅ እንደጨረሰ። «አንተንም ሰናይት።» ከዚያ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታለቅስ አየኋት። አባቴ አጠገቧ አፈር ላይ ተቀመጠ።

አባቴ በዚያው ቀን ሽማግሌው ዘንድ ሄዶ የሚያውቀውን ተናገረ። ሽማግሌዎቹ አጎቴን ጠሩት። ያፍራል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እናንተም እንዲሁ ጠብቃችሁ ከሆነ አጎቴን አታውቁትም። «ምን መከራከር ያስፈልጋል? እህቴ አይደለችም እንዴ? በገዛ ፈቃዴ ሰጥቻታለሁ» አለ። ቅዳሜ አካፋ ይዞ መጥቶ አሮጌውን ቦይ ራሱ ከፈተው። አባቴና እኔም ለማየት ከከተማ መጣን። መንገደኛ ባለፈ ቁጥር አጎቴ ቀና ብሎ፣ ለእህቱ መሬት እየሰጣት መሆኑን ይናገራል። ሰዎች መረቁት። እኔ ጥርሴን ነክሼ ሞትኩ።

ሲጨርስ ማንጎው ሥር ተቀመጥን። መሬትሽን የቆፈረ ሰው ሳይበላ አይሄድምና አክስቴ ከበቆሎ ዱቄት የሚድቦለቦለውን ኩርኩፋ በሽፈራው ቅጠል ሠርታ አቀረበች። አጎቴ ሰሃኑን ሳይነካ ጠበቃት። ላቡን ጠረገ፣ ቦዩን አየ፣ እሷን አየ።

«አመሰግናለሁ እንኳ አትይም?» አላት።

«የአባቴን ነው የቆፈርከው።»

«እንግዲያ ተጣልተን ልንቀር ነው?»

«አልተጣላንም፤ ወንድሜ ነህ፣ ብላ» አለችው። «ይቅርታ ስትጠይቀኝ እምርሃለሁ። እስከዚያ የምምረው የለኝም።»

አጎቴ አንድ እፍኝ ኩርኩፋ ጎረሰ። አፉ እንደሞላ እኔን፣ አባቴን፣ ትጊን ተራ በተራ አየን፣ ልንመሰክርለት እንደሚገባ ሁሉ።

«እኔ ምን አጠፋሁና?» አለ።

አክስቴ ሰሃኑ መጉደሉን አየችና ጨመረችለት።